ዝንቡ ይቆይ፤ መጀመሪያ ውሃው ይታይ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ነፍሳት በል ዕፅዋትን ቤት ውስጥ ማሳደግ ለጀመሩ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ነፍሳት በል ዕፅዋትን በቅርቡ ማሳደግ የጀመሩ አንባቢያን የላኳቸውን መርጠናል። ጥያቄዎቹ ይለያዩ እንጂ የብዙዎቹ መነሻ ተመሳሳይ ነው። ተክሏ ነፍሳት ትበላለች ስለተባለ ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ምግቧ ነው። እነዚህ ዕፅዋት ግን ጉልበታቸውን የሚያገኙት እንደ ማንኛውም አረንጓዴ ተክል ከብርሃን ነው። ነፍሳትን የሚይዙት የበቀሉበት መሬት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ስለሚያጥረው ነው። ሥሮቻቸውም ከዚያ ድሃ መሬት ጋር የተላመዱ ስለሆኑ፣ ለሌላው አበባ የሚበጀው ለም አፈርና ማዳበሪያ እነሱን ይገድላል።

ጥያቄ፦ ቬነስ ፍላይትራፕ የምትባለውን፣ ቅጠሎቿ እንደ ወጥመድ እየተዘጉ ነፍሳት የሚይዙትን ተክል ከገዛሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ወጥመዶቿ ከጫፋቸው እየጠቆሩ አንድ በአንድ ይደርቃሉ። የምታድግበት መትከያ ትንሽ ስለነበር ወደ ትልቅ አዛውሬ ጥሩ የአበባ አፈርና ብስባሽ ጨምሬላታለሁ። የማጠጣትም የቧንቧ ውሃ አፍልቼና አቀዝቅዤ ነው። ምን አጎደልኩባት?

መልስ፦ ምንም አላጎደሉባትም፤ የበዛባት ነገር አለ። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር ይወቁ። የአንድ ወጥመድ መጥቆር ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም። እያንዳንዱ ወጥመድ ጥቂት ጊዜ ከበላ ወይም ከዘጋ በኋላ ዕድሜው አልቆ ይጠቁራል፤ በምትኩ ከመሃል አዲስ ይወጣል። ስለዚህ የተክሏን ጤና የሚነግርዎ መሃሏ ነው። ቅጠሎቹ የሚነሱበትን ቦታ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። እዚያ አረንጓዴና ጠንካራ ቡቃያ ካለ ዳር ዳሩ ቢጠቁርም ተክሏ ደህና ናት። መሃሉ ራሱ ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰ ግን ጊዜ የለዎትም።

የእርስዎ ተክል ሁለት ችግሮች ተደራርበውባታል። የመጀመሪያው ውሃው ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን ግን አያወጣም። የተወሰነው ካልሲየም በማፍያው ግርጌ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ የቀረው እዚያው ውሃው ውስጥ ነው፣ ውሃው በተነነ መጠንም እየተከማቸ ይሄዳል። የከሰል ማጣሪያም እንዲሁ ክሎሪንን ይቀንሳል እንጂ ማዕድንን አያስወግድም። የታሸገ የማዕድን ውሃ ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል። መትከያው አፍ ዙሪያ ወይም አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ማዕድኑ መጠራቀሙን ማረጋገጫ ነው።

የሚያስፈልግዎ የዝናብ ውሃ፣ ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ እንደገና ወደ ፈሳሽ የተመለሰ) ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ማዕድንን በሚያስቀር ስስ ሽፋን) የተጣራ ውሃ ነው። ቲዲኤስ መለኪያ የምትባለው ትንሽ መሣሪያ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን ታሳያለች፤ ቁጥሩ ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 50 እጅ) በታች ቢሆን ጥሩ ነው። የዝናብ ውሃ ከጣሪያ ላይ የሚያጠራቅሙ ከሆነ አቧራውን አጥቦ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ውሃ ያፍስሱት። ንጹህ ውሃ አልቆብዎት ተክሏ ልትደርቅ ከሆነ ግን አንድ ቀን የቧንቧ ውሃ ማጠጣት ከማድረቅ ይሻላል። በኋላ ንጹህ ውሃ ሲገኝ ከላይ በብዛት አፍስሰው ከሥር እስኪወጣ ድረስ አፈሩን ያጥቡት።

ሁለተኛው ችግር አፈሩ ነው፤ ይህ ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም። ማዳበሪያ ያልተጨመረበት ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ በከፊል የበሰበሰ ሞስ) እና ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) እኩል ለእኩል ያዘጋጁ። ማሸጊያው ላይ ንጥረ ነገር ተጨምሮበታል የሚል ጽሑፍ ካለ አይግዙት። ፐርላይቱን አስቀድመው በንጹህ ውሃ ይጠቡት። ደረቅ ፒት ሞስ ውሃ አይቀበልም፤ ከላይ ሲያፈሱበት ተንሳፍፎ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለብ ባለ ንጹህ ውሃ እያሹ ያርሱት፤ በእጅዎ ጨብጠው ሲጨምቁት ጥቂት ጠብታ ከወጣው ደርሷል። መትከያው ፕላስቲክ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለውና ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ይሁን። ያልተቀባ ሸክላ ማዕድን ስለሚይዝና ስለሚለቅ ይተዉት።

ተክሏን ቀስ ብለው ያውጡና አሮጌውን አፈር ከሥሮቿ ላይ በንጹህ ውሃ አራግፉ። ሥሮቿ ጥቁር ሆነው ቢያገኟቸው አይደንግጡ፤ የፍላይትራፕ ሥር ተፈጥሮው ጥቁር ነው፣ ነጭ የሚሆነው ጫፉ ብቻ ነው። የበሰበሰ ሥር በጣት ሲነካ ልፍስፍስ ይላል፤ እሱን ብቻ ይቁረጡ። ነጩ የግርጌዋ ክፍል አፈር ውስጥ ገብቶ አረንጓዴው ከላይ እንዲቀር አድርገው ይትከሏት። ሙሉ በሙሉ የጠቆሩትን ቅጠሎች በመቀስ ያንሱላት። ከዚያ መትከያውን ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጠው ሳህኑ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ያድርጉ። ውሃው ሲያልቅ አንድ ቀን ያህል ቆይተው ይሙሉት፤ አፈሩ ግን መቼም ቢሆን መድረቅ የለበትም። ከተከላው በኋላ የሚወጡት የመጀመሪያ ቅጠሎች ትንንሽ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሥሯ እስኪይዝ ነው፣ ይታገሷት።

ጥያቄ፦ ድሮሴራ የምትባለው ተክሌ ስትገዛ የቅጠሏ ፀጉር ሁሉ በጠብታ ያብረቀርቅ ነበር። አሁን ደርቋል፤ ቅጠሎቿም ረዝመውና ገርጥተው ወደ ጎን ተኝተዋል። አየሩ እንዳይደርቅባት ብዬ በየቀኑ ውሃ እረጫታለሁ። ያለችው ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ባለ መደርደሪያ ላይ ነው።

መልስ፦ መርጨቱን ዛሬውኑ ያቁሙ። ጠብታው ጤዛ ይምሰል እንጂ ውሃ አይደለም። በማጉያ መነጽር ቢያዩት በእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ላይ አንዲት ቀይ ዕጢ አለች፤ በዙሪያዋ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነገር ተክሏ ራሷ የምታመነጨው ሙጫ ነው። ትንኝ ሲጣበቅበት በአካባቢው ያሉት ፀጉሮች ወደ እሱ ይታጠፋሉ፤ ቆይቶም ቅጠሉ ራሱ ይጠቀለልበታል። ውሃ ሲረጭባት ይህ ሙጫ ይታጠባል፣ እሷም ጉልበቷን አጥፍታ እንደገና መሥራት ይኖርባታል።

ሙጫ ለመሥራት ደግሞ ብርሃን ያስፈልጋታል፤ ዋናው ችግርዎ እዚህ ላይ ነው። የረዘመ፣ የገረጣና የተኛ ቅጠል ብርሃን ፍለጋ የተዘረጋ ቅጠል ነው። ለዓይናችን ብሩህ የሚመስለው የክፍሉ መሃል ለእሷ ጨለማ ነው፤ ከመስኮቱ አንድ ሜትር እንኳ ሲርቁ የብርሃኑ መጠን በጣም ይወርዳል። ቢያንስ 4 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ መስታወቱ ሥር ያስቀምጧት። አንድ ጊዜ ከጥላ ወደ ኃይለኛ ፀሐይ ካወጧት ቅጠሏ ይቃጠላል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰዓቱን እየጨመሩ ያለማምዷት።

እንዲህ ያለ መስኮት ከሌለዎት ነጭ ኤልኢዲ መብራት በደንብ ይሠራል። ከቅጠሉ በላይ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉትና በሰዓት መቆጣጠሪያ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያብሩት። እጅዎን በቅጠሉ ቁመት ላይ ሲያደርጉ ሙቀት ከተሰማዎ መብራቱን ከፍ ያድርጉ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አዲሶቹ ቅጠሎች አጠር ብለው ፀጉራቸው ቀይ ከሆነና ሙጫቸው ከተመለሰ ብርሃኑ በቂ ነው። የድሮዎቹ ቅጠሎች አይመለሱም፤ በእነሱ አይፍረዱ።

በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ የምትበቅለው ድሮሴራ ካፔንሲስ ከሆነች ደግሞ በቀላሉ ተስፋ አይቁረጡባት። ከላይ ያለው ሁሉ ደርቆ እንኳ አፈሩን እርጥብ አድርገው ከያዙት ብዙ ጊዜ ከሥሯ ታቆጠቁጣለች።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጅ ነኝ። ጓደኞቼ ሲመጡ የፍላይትራፔን ወጥመዶች በእርሳስ እየነካን እናዘጋቸው ነበር። አሁን ሁለቱ ሲነኩ አይዘጉም። ለአንዱ የተጠበሰ ሥጋ ሰጥቼው ነበር፤ ሸተተና ጠቆረ። ምን ልስጣት?

መልስ፦ ወጥመዱ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅክ መልሱን ራስህ ታገኘዋለህ። ወጥመዱ ሁለት ክንፎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክንፍ ውስጠኛ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ፀጉሮች አሉ። አንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ሲነካ ወጥመዱ አይዘጋም፤ የዝናብ ጠብታ ሊሆን ይችላላ። በ20 ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ ንክኪ ሲመጣ ግን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ገና ሙሉ በሙሉ አልገጠመም። በጣም ትንሽ ነፍሳት በጠርዙ ላይ ባሉት ጥርሶቹ መካከል ሾልከው ይወጣሉ፤ ለእነሱ ብሎ መድከም አያዋጣውም። ትልቁ ግን ውስጥ ሆኖ ሲታገል ፀጉሮቹን ደጋግሞ ይነካል፤ ያኔ ወጥመዱ ጥርቅም ብሎ የሚፈጭ ፈሳሽ ማመንጨት ይጀምራል። መፍጨቱ ከ5 እስከ 12 ቀን ሊወስድ ይችላል።

እርሳስ ሲነካው ምንም ሳይበላ ይዘጋል፣ ከዚያም አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ባዶውን ይከፈታል። አንድ ወጥመድ በዕድሜው መዝጋት የሚችለው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ያንን በጨዋታ ጨርሳችሁበታል። እነዚያን ሁለቱን አትቁረጣቸው፤ አረንጓዴ እስከሆኑ ድረስ ብርሃን ይሰበስቡላታል።

ሥጋ፣ አይብ፣ እንቁላል የመሳሰሉትን አትስጣት። ስብ አለባቸው፣ አይንቀሳቀሱም፣ ወጥመዱ ሳይፈጫቸው ይበሰብሳሉ። የምትሰጣት ነፍሳት ሲሆን መጠኑ ከወጥመዱ አንድ ሦስተኛ አይብለጥ። የነፍሳቱ እግር ወይም ክንፍ ወደ ውጭ ከወጣ ወጥመዱ በደንብ አይገጥምም፤ በክፍተቱ ባክቴሪያ ገብቶ ያበሰብሰዋል። የሞተ ዝንብ ከሆነ ወጥመዱ ከዘጋ በኋላ ከውጭ በኩል ሁለቱን የወጥመዱን ክንፎች በጣቶችህ በጣም ቀስ አድርገህ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጫን ለቀቅ አድርግ። ውስጥ ያለው ዝንብ ፀጉሮቹን ሲነካ ተክሏ ሕያው መስሏት መፍጨት ትጀምራለች። ለዓሣ ምግብነት የሚሸጥ የደረቀ የደም ትል በንጹህ ውሃ አርሰህ መስጠትም ትችላለህ። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ወጥመድ ማብላት ይበቃል። ምንም ባትሰጣትም በቂ ብርሃን ካገኘች አትሞትም፤ እድገቷ ብቻ ይዘገያል።

ጥያቄ፦ ኔፔንቴስ የምትባል፣ ነፍሳትን ፈሳሽ በያዘ ገንቦ መሰል ወጥመድ የምትይዝ ተክል አለችኝ። ቅጠሎቿ ሰፋፊና አረንጓዴ ናቸው፤ ገንቦ ግን አትሠራም። በየቅጠሉ ጫፍ የሚወጣው ሐረግ ገንቦ ሳይሆን ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። እንደ ፍላይትራፕ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ነው ያስቀመጥኳት።

መልስ፦ መጀመሪያ ከሳህኑ ያንሷት። የፍላይትራፕን አያያዝ ለኔፔንቴስ ማዋል የጀማሪዎች ሁሉ ስህተት ነው። የኔፔንቴስ ሥር እርጥበትም አየርም ይፈልጋል፤ ውሃ ውስጥ ሲቆም ይበሰብሳል። የሚስማማት ረጃጅም ክር ያለው ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ የረግረግ ሞስ) ከፐርላይትና ለኦርኪድ አበባ መትከያ ከሚሸጥ የዛፍ ቅርፊት ጋር ተደባልቆ ነው። ከላይ ያጠጧት፣ ውሃው ከሥር ይውጣ፣ የወጣውን ይድፉት። እንደገና የሚያጠጡት የአፈሩ ገጽ መድረቅ ሲጀምር ነው። የውሃው ንጽሕና ግን ከላይ ከተናገርነው አይለይም።

ገንቦ ያለመሥራቷ ዋና ምክንያቶች ደረቅ አየርና አነስተኛ ብርሃን ናቸው። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲሆን በሐረጉ ጫፍ ያለችው ትንሿ እንቡጥ ሳታብጥ ትደርቃለች። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ አጠገቧ ያስቀምጡና ለጥቂት ቀናት ይከታተሉ። መጠኑ ዝቅ ካለ ከሌሎች ዕፅዋት ጋር አንድ ላይ ያሰባስቧት ወይም የአየር እርጥበት መጨመሪያ መሣሪያ ይጠቀሙ። በመርጨት የሚገኘው እርጥበት ወዲያው ስለሚተን አይቆጠርም። ከማሞቂያና ከአየር ማቀዝቀዣ ንፋስ መንገድም ያርቋት። ጥልቅ አረንጓዴና ሰፋፊ ቅጠል ደግሞ ከውበቱ ይልቅ የብርሃን እጥረትን ይናገራል። በቂ ብርሃን ያገኘች ኔፔንቴስ ቅጠሏ ፈዘዝ ይላል፣ አንዳንዴም ቀላ ይላል።

ሙቀቱን በተመለከተ ዝርያዋን ማወቅ ይኖርብዎታል። የቆላ ዝርያዎች ሌሊቱም ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ። የደጋዎቹ ቀን ከ20 እስከ 26፣ ሌሊት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይስማማቸዋል፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘላቸው ቀስ በቀስ ይዳከማሉ። ቬንትራታ የምትባለው ድቅል በሁለቱ መካከል ያለውን ስለምትችል ለመጀመሪያ ተክልነት ከእሷ የተሻለ የለም።

የደረቀው ሐረግ ዳግም ገንቦ አይሆንም፤ ቅጠሉ ግን አረንጓዴ እስከሆነ ይተዉት። ለውጡን የሚያዩት ከዚህ በኋላ በሚወጡት ቅጠሎች ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ወራት ሊወስድ ይችላል። ገንቦ ስትሠራ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ አይድፉት፤ መፍጫዋ እሱ ነው። በጉዞ ላይ ከፈሰሰ ግን እስከ ሩብ ድረስ ንጹህ ውሃ ይጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ቀኑ እያጠረ ብርዱ ሲገባ ፍላይትራፔ ማደግ አቆመች፤ ቅጠሎቿ አጫጭር ሆነው መሬት ላይ ተኙ፣ ገሚሱም ጠቆረ። እየሞተች ነው? ቤቴ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ ይሞቃል።

መልስ፦ እንቅልፏ ደርሶ ነው። የፍላይትራፕ አገር በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ሜዳ ሲሆን፣ እዚያ ብርድ ያለባቸውን አጫጭር ቀናት የምታሳልፈው ተኝታ ነው። ሳራሴኒያ የምትባለው ሌላዋ ነፍሳት በል ተክልም እንደዚሁ ናት። ከ3 እስከ 4 ወር፣ ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቦታ ልትቆይ ይገባል። አንድ ዓመት ቢዘለል አትሞትም፤ በየዓመቱ ከተነፈገች ግን ወጥመዶቿ እያነሱ ሄደው ትጠፋለች።

ማሞቂያ የማይደርስበት ክፍል ወይም በመስታወት የተከለለ ሰገነት ካለ እዚያ ያኑሯት፤ ሳህኑን አንስተው አፈሩን እርጥብ ብቻ ያድርጉት። ከሌለ ፍሪጅም ይሆናል። ተክሏን ነቅለው ሥሯን ይጠቡ፣ የሞተውን ቅጠል ሁሉ ያንሱ፣ ሥሯንና ግርጌዋን ውሃው በተጨመቀ ስፋግነም ሞስ ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ያድርጓትና በረዶ ከሚሠራው ክፍል ራቅ አድርገው ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጧት። በሁለት ሳምንት አንዴ ከፍተው ይመልከቱ፤ ግራጫ ሻጋታ ካለ የተበከለውን ቆርጠው ሞሱን ይቀይሩ። ጨለማው በዚህ ሙቀት አይጎዳትም።

ይህን ሁሉ ማድረግ ለማይመቸው ሰው ምክራችን ግልጽ ነው፤ ፍላይትራፕን ይተዉና ድሮሴራ ካፔንሲስ፣ ኔፔንቴስ ወይም የሜክሲኮ ፒንጉዊኩላ (በሚያጣብቅ ቅጠሏ ነፍሳት የምትይዝ ተክል) ያሳድጉ። ሦስቱም ብርድ አይጠይቁም። ፒንጉዊኩላ ግን በደረቁ ወራት ትንንሽና ወፈር ያሉ ቅጠሎች ስታወጣ ውሃዋን ይቀንሱላት፤ ብዙዎች የሚያጧት በዚያ ወቅት ውሃ በማብዛት ነው።

ጥያቄ፦ ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ የተከልኳቸው ሦስት ዕፅዋት በአንድ ሳምንት ሻገቱ። ፀሐይ ላይ ነበሩ።

መልስ፦ የተዘጋ መስታወት ፀሐይ ላይ ሲውል ውስጡ ዕፅዋቱን እስኪቀቅል ይሞቃል፤ አየሩም ስለማይንቀሳቀስ ሻጋታ ይፈላል። ከሥር መፍሰሻ ስለሌለው ማዕድኑም እዚያው ይጠራቀማል። ፍላይትራፕና ድሮሴራ ካፔንሲስ በተራ የክፍል አየር ስለሚኖሩ ክዳን አያስፈልጋቸውም። መሃላቸው አረንጓዴ የሆነውን አውጥተው በየግላቸው፣ ቀዳዳ ባለው መትከያ ይትከሏቸው።

ጥያቄ፦ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ተጣመው ነው የሚወጡት። አፈሩ ላይ ደግሞ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ይበራሉ። ነፍሳት በል ተብላ በነፍሳት ትጠቃለች እንዴ?

መልስ፦ ትጠቃለች። ቅጠልን የሚያጣምሙት ብዙውን ጊዜ መሃል ላይ ተደብቀው የተክሉን ፈሳሽ የሚመጥጡ ክሽክሾች የተባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ፍላይትራፕ ከሆነች መትከያውን ከነተክሉ በንጹህ ውሃ ሙሉ በሙሉ ከድነው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆዩት፤ ክሽክሾቹ ይሰጥማሉ፣ እሷ ምንም አትሆንም። ከሳምንት በኋላ ይድገሙት። የሳሙና ድብልቅ አይርጩባት፣ ቅጠሏን ይጎዳል። ጥቁሮቹ ዝንቦች እርጥብ አፈር የሚወዱ ናቸው፤ ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ይተክሉላቸው፣ የሳህኑን ውሃ ዝቅ አድርገው የአፈሩ ገጽ ትንሽ እንዲተነፍስ ያድርጉ። አጠገባቸው ፒንጉዊኩላ ካለች አብዛኞቹን እሷ ትለቅማቸዋለች።

ጥያቄ፦ ፍላይትራፔ የአበባ ዘንግ አወጣች። ልቁረጠው?

መልስ፦ ተክሏ ጠንካራና ብዙ ወጥመድ ያላት ከሆነች ይተዉት። ገና የተዛወረች፣ የታመመች ወይም ትንሽ ከሆነች ይቁረጡት፤ አበባ ማውጣት አቅሟን ይጨርሰዋል። ዘንጉ ከቅጠል የሚለየው ጫፉ ድቡልቡል ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ከግርጌው ይቁረጡትና አይጣሉት፤ የተቆረጠውን ጫፍ እርጥብ ፒት ሞስ ውስጥ ተክለው ብርሃን ላይ ካቆዩት ከሥሩ አዲስ ተክል ሊያወጣ ይችላል። ዘንጉ ራሱ ቢጠቁርም ቶሎ አይንቀሉት፤ ቡቃያው ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።